130 ሴቶች አጠገብ የተቀመጠው ዓይን አፋር ወጣት፦ መጥፎ ሐሳብን በምን እንተካው?

አልበርት ኤሊስ 19 ዓመቱ ነው። ጊዜው 1933 (እ.ኤ.አ.)፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ። ሴት ልጅ ማናገር በጣም ይፈልጋል፣ ግን ገና ሲያስበው አንደበቱ ይተሳሰራል። ብሮንክስ ውስጥ ወዳለው ትልቁ የዕፅዋት መናፈሻ ይሄዳል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ ማዶ የተቀመጠች ልጅ ያያል፣ አንዳንዴም ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ከዚያ ምንም የለም። ተነስቶ ለመሄድ አንድ ምክንያት ያጣል፣ ላለመሄድ ግን ሺህ ምክንያት አለው።

ይህ ልጅ አድጎ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በጣም ከታወቁት የሥነ ልቦና ሐኪሞች አንዱ ሆነ። በ1982 በአሜሪካና በካናዳ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መካከል በተደረገ ጥናት፣ በሙያው ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ያሳደረ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ከካርል ሮጀርስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጥቷል። የሥነ ልቦና ትንተና አባት የሚባለው ሲግመንድ ፍሮይድ ሦስተኛ ነበር።

የሱን ጉዳይ የመረጥኩት ግን ስለ ዝናው አይደለም። «አሉታዊ ሐሳብህን በአዎንታዊ ተካ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን ነገር ይዘለዋል፤ በምን ዓይነት ሐሳብ ነው የምንተካው? የኤሊስ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ እኔ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ ግልጹ ነው። ታሪኩን የምናውቀው ከራሱ አንደበት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራውና ሲጽፈው ኖሯል፣ ከጎኑ ቆሞ የመዘገበ ሰው ግን አልነበረም። ይህንን ይዛችሁ አንብቡት።

ከፓርኩ በፊት

ኤሊስ ፒትስበርግ ተወልዶ ኒውዮርክ ነው ያደገው። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ልጅ ሳለ በኩላሊት ሕመም በተደጋጋሚ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ወላጆቹም ብዙም አይጠይቁትም ነበር። አባትየው መንገደኛ ነው፣ እናትየውም ቢሆን ለልጆቿ ያን ያህል ቅርብ አልነበረችም። ዓይን አፋርነቱ ከዚህ ነው የመጣው ማለት ይቻል ይሆናል፣ እኔ ግን እዚያ ላይ ብዙ መቆም አልፈልግም። እሱ ራሱም ኋላ ላይ ሰው ያለፈ ታሪኩን ሲቆፍር ዓመታት እንዳይፈጅ አጥብቆ ይከራከር ነበር።

ለጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። ሴት ከማናገሩ በፊት አንድ ሌላ ፍርሃት ነበረበት፣ እሱም ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር። በዚያ ዕድሜው የአንድ ወጣት ፖለቲከኞች ቡድን አባል ነበርና መናገር ነበረበት። ላብ እያጠመቀው፣ ልቡ እየደለቀ ራሱን አስገድዶ መድረክ ላይ ወጣ። ደጋግሞ ወጣ። ፍርሃቱ ቀነሰ፣ ጭራሽ መናገር ይወድ ጀመር። ታዲያ ይህ ከሠራ ያኛውስ ለምን አይሠራም አለ።

ያነበባቸው ነገሮችም ረድተውታል። ኤፒክቴተስ የሚባለው የጥንት ፈላስፋ፣ ሰውን የሚረብሸው የሆነው ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አመለካከት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሌላው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጆን ዋትሰን ትምህርት ነው። በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ተመራማሪ፣ በዋትሰን ምክር፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ ላይ የሠራችውን ሥራ አሳተመች። ልጁ የሚወደውን ነገር እየበላ ጥንቸሉን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያስጠጉለት፣ በመጨረሻ በእጁ እስከ መዳሰስ ደረሰ። እንግዲህ ኤሊስ ከአንዱ «ሐሳብህን መርምር»፣ ከሌላው «ወደምትፈራው ነገር ቅረብ» የሚሉትን ወስዶ አንድ ላይ አደረጋቸው። ያኔ የንግድ ሥራ ትምህርት የሚማር ኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን ገና አላሰበም።

በውስጡ የነበረው ሐሳብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። «ሄጄ ባናግራት ጉድ እሆናለሁ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ አንድ ሐሳብ ይመስላል። ፈታ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ትንቢት ነው፤ «እምቢ ትለኛለች»። ሁለተኛው ግምት ነው፤ «እምቢ ካለችኝ ደግሞ የማይቻል ውርደት ነው፣ አልችለውም»። ሦስተኛው ፍርድ ነው፤ «ስለዚህ እኔ የማልረባ ሰው ነኝ»። ሦስቱም በቅጽበት ተከታትለው ስለሚመጡ እኛ የምንሰማው የመጨረሻውን ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ሆድ ውስጥ የሚገባው ፍርሃት ነው።

ብዙ ጊዜ አዎንታዊ ለመሆን ስንሞክር የምንለውጠው የመጀመሪያውን ነው። «እምቢ ትለኛለች» የሚለውን አውጥተን «ትወደኛለች» የሚለውን እናስገባለን። «ፈተናውን እወድቃለሁ» የሚለው «አንደኛ እወጣለሁ» ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን እዚያው ተደብቀው ይቀራሉ። እንዲያውም ይባስ ብለው ይጠነክራሉ፣ ምክንያቱም አሁን ሁሉ ነገር በአንድ ውጤት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከወደደችኝ ሰው ነኝ፣ ካልወደደችኝ አይደለሁም።

ኤሊስ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ትንቢቱን አልነካውም። እምቢ ሊሉኝ ይችላሉ፣ ደስ አይልም፣ ግን አልሞትም አለ። የተከራከረው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ነው። እምቢታ ሰውን ይጎዳል እንጂ አይገድልም፤ አንዲት የማታውቀኝ ሴት ላናግርህ አልፈልግም ስላለችኝ የኔ ዋጋ አይቀንስም።

አንድ ደቂቃ

ሐሳቡን እንዲህ ካስተካከለ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ቢደጋግመው ኖሮ ዛሬ ስለሱ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። ለራሱ የቤት ሥራ ሰጠ። ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ወደ መናፈሻው መሄድ። ብቻዋን አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ባየ ቁጥር ያለ ምንም ማመንታት ሄዶ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ። ከተቀመጠ በኋላ ወሬ ለመጀመር የሚፈቅድለት ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ።

ይቺ አንድ ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለችም። ፍርሃት ጊዜ ካገኘ ጠበቃ ያቆማል። «ዛሬ ፊቷ ደስ አይልም»፣ «መጽሐፍ እያነበበች ነው፣ አልረብሻት»፣ «ነገ ይሻላል» ይላል፣ ሁሉም ምክንያት ደግሞ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ተነስታችሁ ስትሄዱ ወዲያው እፎይታ ይሰማችኋል። ችግሩ ያ እፎይታ ነው። አእምሮ «ያመለጥኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ትንሽ ጨምሮ ይመጣል፣ እናንተም ትንሽ ፈጥናችሁ ትሸሻላችሁ። ያ መጥፎ ሐሳብ ደግሞ አንድም ቀን ሳይፈተን እድሜ ልኩን እውነት መስሎ ይኖራል። አንድ ደቂቃ ማለት ለዚህ ሁሉ በሩን መዝጋት ማለት ነው።

ስለ ወፎቹ አወራ። ስለ አበቦቹ አወራ። በእጃቸው ስለያዙት መጽሐፍ ጠየቀ። ብልጥ ነገር ለመናገር አልሞከረም፣ ዓላማው ማስደነቅ ሳይሆን መናገር ነበር።

ውጤቱን እሱ እንደነገረን እንዲህ ነው። 130 ሴቶች አጠገብ ተቀመጠ። ሰላሳዎቹ ወዲያው ተነስተው ሄዱ። ከቀሩት 100 ሴቶች ጋር አወራ። ከመቶዎቹ አንዷ ለመገናኘት ቀጠሮ ሰጠችው። እሷም ሳትመጣ ቀረች።

እስቲ ይህንን ውጤት እንደገና እዩት። ትንቢቱ ትክክል ነበር! «እምቢ ይሉኛል» ብሎ ፈርቶ ነበር፣ እምቢ አሉት፣ ቀጠሮ የሰጠችው አንዷ እንኳ አልመጣችም። «ሁሉም ይወዱኛል» የሚል አዎንታዊ ሐሳብ ይዞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐሳቡ ፈርሶበት፣ ልቡ ተሰብሮ ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን ወሩን ጨረሰ፣ ፍርሃቱም ለቀቀው። ለምን ቢሉ የያዘው ሐሳብ የሚፈርስ አልነበረም። ፖሊስ የጠራ የለም፣ ጮሃ የሮጠች የለም፣ የሞተም የለም። እያንዳንዱ እምቢታ «ደስ አይልም፣ ግን እችለዋለሁ» ለሚለው ሐሳብ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነለት። ከዚያ በኋላ ሰውን ማናገር ዕድሜውን ሙሉ አላስቸገረውም።

ይህንን ጉዳይ የምወደው ለዚህ ነው። ጥሩ ምትክ ሐሳብ ማለት ነገሮች መጥፎ ሲሄዱም አብሮን የሚቆም ሐሳብ ነው።

የሚጣፍጠው ሐሳብ ለምን አይሠራም?

ኤሊስ ፓርክ ከመሄዱ 10 ዓመት በፊት፣ በ1923፣ ኤሚል ኩዌ የሚባል ፈረንሳዊ የመድኃኒት ባለሙያ አሜሪካን እየዞረ ያስተምር ነበር። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ጠዋትና ማታ «በየቀኑ፣ በሁሉም ነገር፣ እየተሻለኝ እየተሻለኝ ነው» እያሉ መደጋገም። ብዙ ተከታይ አፈራ። ዛሬ መስታወት ፊት ቆመን የምንላቸው ቃላት የዚያ ልጆች ናቸው።

ለአንዳንድ ሰው ይሠራል፣ አልክድም። ግን በ2009 በካናዳ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ከመጀመሪያውም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ሰዎች ትንሽ ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው፣ ማለትም ቃሉ በጣም ያስፈልጋቸዋል የምንላቸው፣ ካልደጋገሙት ሰዎች የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። «የምወደድ ነኝ» ስትሉ ውስጣችሁ ዝም አይልም፤ «እውነት? እከሌስ ጥሎህ የሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ይመልሳል። የማታምኑትን ነገር በደገማችሁ ቁጥር የማታምኑበትን ምክንያት ትለማመዳላችሁ።

«እሺ፣ መጥፎውን ሐሳብ ዝም ብዬ ላባርረው» ማለትም አያዋጣም። በ1987 ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ በመጣባቸው ቁጥር ግን ደወል እንዲደውሉ ጠየቋቸው። ደወሉ ይደወል ነበር። ቀጥሎ ስለ ድቡ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች በላይ ድቡ በአእምሯቸው ተመላለሰ። ያባረሩት ሐሳብ ብሶበት ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ማባረርም፣ በማር መቀባትም ሳይሆን ሐሳቡን አስቀምጦ መጠየቅ ነው።

ከፓርኩ ወደ ክሊኒክ

ኤሊስ በ1947 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ሥነ ልቦና ዶክትሬቱን ያዘ። መጀመሪያ የሠራው በፍሮይድ መንገድ፣ ማለትም የታካሚን ያለፈ ታሪክ በመቆፈር ነበር፣ ግን ታካሚዎቹ ስለራሳቸው ብዙ እያወቁ ኑሯቸው አለመለወጡ አስጨነቀው። በ1955 የራሱን የሕክምና ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። መሠረቱ ያው የፓርኩ ትምህርት ነው። አንድ ነገር ይሆናል፤ ስለ ነገሩ አንድ እምነት እንይዛለን፤ ስሜታችን የሚወለደው በአብዛኛው ከእምነቱ ነው። እምነቱን ተከራከሩት፣ ከዚያ ወጥታችሁ በተግባር ፈትኑት። በተለይ የሚያሳድደው «የግድ» የሚለውን አስተሳሰብ ነበር፤ የግድ ሊሳካልኝ ይገባል፣ የግድ ሊያከብሩኝ ይገባል፣ ኑሮ የግድ ቀላል መሆን አለበት። መፈለግ ጤናማ ነው፤ ፍላጎት ወደ ግዴታ ሲለወጥ ነው ሰው የሚታመመው ይል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ በፊላደልፊያ አሮን ቤክ በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደረሰ። ቤክ ድባቴ ያለባቸው ታካሚዎቹ ከሚናገሩት ሌላ በጓዳ የሚሮጥ ወሬ እንዳለባቸው አስተዋለ። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ አጭር፣ እውነት የሚመስል ሐሳብ፤ «ሐኪሙን አሰልችቼዋለሁ» የመሰለ። ይህንን ሐሳብ እንዲይዙት፣ እንዲጽፉት፣ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ማስረጃ እንዲመዝኑ ያስተምራቸው ጀመር። ዛሬ ለጭንቀትና ለድባቴ በስፋት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ከነዚህ ሁለት ሰዎች ሥራ የበቀለ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በዚያ ፓርክ የነበሩት 130 ሴቶች የማንም የቤት ሥራ ለመሆን አልተጠየቁም። ብቻዋን ልትቀመጥ የመጣች ሴት የማታውቀው ወንድ መጥቶ አጠገቧ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማት ኤሊስ አልነገረንም። የሄዱት 30 ሴቶች መብታቸው ነው የሄዱት፣ እሱም አልተከተላቸውም። ከሱ ዘዴውን እንውሰድ፣ መፈተኛውን ግን ሌላ ሰው ላይ ጫና የማይፈጥር አድርገን እንምረጥ።

በራሳችሁ ሐሳብ ላይ

ብዙ ሰው የሚይዘውን አንድ ሐሳብ እንውሰድ፤ «ስብሰባ ላይ ጥያቄ ብጠይቅ ሞኝ እመስላለሁ»።

መጀመሪያ እንዳለ ጻፉት፣ ሳታሳምሩት። በአእምሮ ውስጥ ያለ ሐሳብ እንደ ጭስ ነው፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን መጨበጫ ያገኛል። ከዚያ ሦስቱን ለዩ። ትንቢቱ፦ ሰዎች ጥያቄዬን ሞኝ ይሉታል። ግምቱ፦ ያንን ልቋቋመው አልችልም። ፍርዱ፦ ለዚህ ሥራ አልመጥንም።

አሁን ትንቢቱን ለጊዜው ተዉት። አንዳንድ ጥያቄ በእውነትም ሞኝ ሊመስል ይችላል። ግምቱን ግን ጠይቁት። ሰው ስቆብኝ ያውቃል? በማግስቱ ምን ሆነ? በሳምንቱስ? ሌላ ሰው የማይረባ ጥያቄ ጠይቆ ሳይ እኔ ስንት ቀን አስታወስኩት? አብዛኞቻችን ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ መልሳችን «እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አላስታወስኩትም» ነው። ፍርዱንም ጠይቁት። አንድ ጥያቄ አንድን ሰው ይመዝናል ወይ? ጓደኛችሁ ይህንኑ ስለ ራሱ ቢነግራችሁ ምን ትሉት ነበር?

ምትኩ ሐሳብ ከዚህ ነው የሚወጣው። «ጥያቄዬ ድንቅ ነው፣ ሁሉም ያጨበጭባሉ» አይደለም። «ምናልባት ያልበሰለ ጥያቄ ይሆናል፣ ትንሽ አፍራለሁ፣ ያልፋል፣ ያልገባኝን ግን አውቃለሁ» ነው። አያምርም፣ ግድግዳ ላይም አይለጠፍም። ግን ታምኑታላችሁ፣ ውስጣችሁ የሚመልስለት ነገር የለውም።

ቀጥሎ ያለው ካልተደረገ ይህ ሁሉ ወረቀት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ሐሳቡ በመጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጃችሁን አውጡ። ከመግባታችሁ በፊት ይሆናል ብላችሁ የፈራችሁትን ጻፉ፣ ስትወጡ የሆነውን ጻፉ። ደግሙት። አንድ ጊዜ በቂ አይደለም፣ አእምሮ «ዛሬ ዕድል ሆኖልኝ ነው» ማለት ይወዳልና። ልብ ይመታል፣ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ማለት ዘዴው አልሠራም ማለት አይደለም። ኤሊስም የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተረበሸ ነው ያሳለፋቸው። ስሜት ከሐሳብ ዘግይቶ ነው የሚከተለው።

ይህ ዘዴ የማይገባበት ቦታም አለ። አንዳንድ አሉታዊ ሐሳብ እውነት ነው። ቤት ውስጥ የሚመታችሁ ሰው ካለ «አልችለውም» የሚለው ሐሳብ መታረም የለበትም፣ መለወጥ ያለበት ኑሮው ነው። ዕዳ ካለ ሐሳቡን ከመተካት በፊት ዕዳው የሚከፈልበት ዕቅድ ይቅደም። ድባቴው እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ብቻችሁን ወረቀት ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቤክና ኤሊስም ይህንን ሥራ ከታካሚዎቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሠሩት።

ለቀረው፣ ማለትም በየቀኑ ለሚያስቸግረን ለዚያ ተራ ፍርሃት ግን ከአንድ ሐሳብ ጀምሩ። ትልቁን አትምረጡ። ብትወድቁበት ብዙ የማያስከፍላችሁን፣ ነገ ልትፈትኑት የምትችሉትን አንዱን ምረጡ።